የጥንት የእንፋሎት መርከቦች ቦይለር ለምን ይፈነዳ ነበር? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ከፋብሪካ ቦይለር ጋር ነው፤ ቦይለር ማለት ውሃ በእሳት ሞቆ እንፋሎት የሚሆንበት የተዘጋ የብረት ጋን ነው። በ1800ዎቹ በአሜሪካ ወንዞች ላይ ቦይለራቸው ስለፈነዳ የእንፋሎት መርከቦች የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውሃ እኮ ነው! እንዴት መርከብ ይበትናል?

በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎ ቢሞቅም ሁሉም እንፋሎት አይሆንም። ግፊቱ አፍኖ ይይዘዋል። ብረቱ ሲቀደድ ግን ግፊቱ ይለቃል፤ ከውሃው የተወሰነው ክፍል በቅጽበት ይተናል። እንፋሎት የሆነ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። መርከቡን የሚበትነው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሴፍቲ ቫልቭ አልነበራቸውም?

ነበራቸው። ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስወጣ መክደኛ ነው። ቫልቩን የሚጫነው ክብደት ነው። ፍጥነት የፈለገ ሰው ተጨማሪ ክብደት ይሰቅልበታል፤ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል።

እኔን ግን ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ የውሃ ማነስ ነው። በብዙዎቹ ላይ ውሃ የሚሞላው ፓምፕ የሚሠራው ዋናው ሞተር ሲዞር ብቻ ነበር። መርከቡ ሰው ሊጭን ሲቆም ፓምፑም አብሮ ይቆማል። እሳቱ ግን ይነዳል። ውሃው ሲጎድል እሳት የሚያልፍባቸው ቱቦዎች ራቁታቸውን ይቀራሉ፣ ይግላሉ፣ ብረቱ ይለሰልሳል። ከዚያ ያንኑ ግፊት መሸከም ያቅተዋል። ሞዜል የተባለችው መርከብ በኤፕሪል 1838 ሲንሲናቲ ከተማ አጠገብ የፈነዳችው ሰው ጭና ገና ጉዞ ስትጀምር ነው። ካፒቴኑ ፍጥነቷን ለማሳየት ቆማ ሳለች እንኳ እንፋሎቱ እንዲያዝ አድርጎ ነበር።

ጥያቄ፦ ሱልጣና የተባለችው መርከብ ላይ የሆነውን ንገረን እስኪ።

እሷን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። የአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት አልቆ፣ ከደቡብ እስር ቤቶች የተፈቱ የሰሜን ወታደሮች ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር። ብዙዎቹ በረሃብ የመነመኑ ናቸው። መርከቧ በሕግ የተፈቀደላት 376 ሰው ነው። የጫነችው ግን ከ2,000 በላይ! መንግሥት በሚጫነው ሰው ቁጥር ይከፍል ስለነበር ጭነቱ ገንዘብ ነበር።

ቪክስበርግ በተባለች የወንዝ ዳር ከተማ ላይ ከቦይለሮቿ አንዱ አብጦ ተገኘ። ሠራተኛው ሰፋ ያለ ጥገና ያስፈልጋል አለ። ጊዜ የለም ተባለና ያበጠው ቦታ ላይ ቁራጭ ብረት ተለጠፈ። ኤፕሪል 27 ቀን 1865፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከሜምፊስ ከተማ ትንሽ አለፍ ብላ ፈነዳች። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ውሃውም በጣም ይቀዘቅዝ ነበር።

ምክንያቱ ላይ ዛሬም ክርክር አለ። እኔ ጥገናውን ብቻ አልከስም። የሚሲሲፒ ውሃ ጭቃ የበዛበት ነው፤ ደለሉ ቱቦዎቹ መካከል ይጋገራል። ከላይ ጭነት የበዛበት መርከብ ደግሞ ሲያዘነብል ውሃው ወደ አንዱ ቦይለር ይሸሻል፣ ሌላው ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ሕግ አልነበረም?

ነበር። የ1838ቱ ደካማ ነበር። የ1852ቱ ቦይለሮች በውሃ ግፊት እንዲፈተኑ፣ መካኒኮችም ፈቃድ እንዲኖራቸው አዘዘ። ሱልጣና የፈነዳችው ይህ ሕግ በወጣ በ13 ዓመቱ ነው።

ጥያቄ፦ አንተስ ሥራ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ምኑን ነው?

የውሃ ልክ ማሳያውን መስታወት። የግፊት መለኪያውን ከዚያ በኋላ ነው የማየው።