ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይያዝም

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። መስማት ካቃታቸው ቆይተው ውጭ አገር በቀኝ ጆሯቸው ኮክሌር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና ጆሮ ውስጥ የሚተከል፣ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ) ተደረገላቸው። መሣሪያው ከተከፈተ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ድምፅ ይሰማሉ፣ ቃል ግን አይለዩም። «ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል» ይላሉ። አንዳንድ ቀን አውልቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ልፋታችን ከንቱ ቀረ ማለት ነው?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አልቀረም። ሁለት ወር ገና ጅማሬው ነው፤ የቆርቆሮውን ድምፅም ብዙ አዋቂዎች መጀመሪያ ላይ ይናገሩታል። ጤነኛ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት የውስጠኛው ረድፍ የፀጉር ሴሎች 3,500 ያህል ናቸው። ኢምፕላንቱ የእነሱን ሥራ የሚሸፍነው እንደ አምራቹ ከ12 እስከ 22 በሚሆኑ ኤሌክትሮዶች፣ ማለትም ነርቩን በኤሌክትሪክ በሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። አንጎል በዚህ ቀጭን መልእክት ቃላቱን እንደገና መማር አለበት። ትልቁ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ውስጥ ይታያል፤ ሳይሰሙ ብዙ ዓመት ለቆዩ ሰዎች ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። ቁም ሳጥን ውስጥ የዋለ መሣሪያ ግን ምንም አያስተምርም። ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ያድርጉት፣ ሲተኙ ያውልቁት፤ በቀን ከ10 ሰዓት አይነስ።

ለልምምድ በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቴሌቪዥኑንና ማራገቢያውን ያጥፉ፣ በቀኛቸው በኩል አንድ ሜትር ያህል ርቀው ይቀመጡ። «ቤት»፣ «መኪና»፣ «አስተማሪ» ብለው ጽፈው ፊታቸው ያስቀምጡ፤ እርስዎ አንዱን ይበሉ፣ እሳቸው ይጠቁሙ። ርዝመታቸው ስለሚለያይ እነዚህ ይቀላሉ። ከ10 ጊዜ 8ቱን ሲያገኙ ወደ «ቡና»፣ «ዳቦ»፣ «ሥጋ» ይለፉ። ቀጥሎ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩትን ይያዙ፦ «በራ» እና «መራ»፣ «ጠፋ» እና «ተፋ»፣ «ከሰረ» እና «ቀሰረ»። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ጆሮ ብቻ ስለሆነ ብዙ ይደጋግሟቸው። «ገና» ላልቶና ጠብቆ የሚሰጠው ትርጉም የሚለየው በድምፁ ርዝመት ነው። ኢምፕላንት ከቃና ይልቅ የጊዜን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያስተላልፍ ይህን ቀድመው ሊይዙት ይችላሉ። ዘፈን የሚረብሻቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቃናው በደንብ አይደርሳቸውም።

ከንፈር እንዳያዩ ሲፈልጉ አፍዎን በእጅ አይሸፍኑ፣ እጅ ድምፁን ያፍነዋል፤ ጎናቸው ይቀመጡ። መጮህም አይረዳም፣ ፕሮሰሰሩ (ከውጭ የሚደረገው፣ ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ኃይለኛ ድምፅን ይጨምቀዋል። ያልሰሙትን አንዴ ይድገሙላቸው፣ ካልሆነ በሌላ ቃል ይናገሩት፣ ከዚያ ይጻፉት። «ይቅር፣ ተዉት» ግን ፈጽሞ አይበሏቸው። ሰው ከጨዋታ መራቅ የሚጀምረው በዚች ቃል ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ አንድ ወሬ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ይቀጥልና በሶማሊኛ ያልቃል። ያመለጠን ቃል የምንሞላው በግምት ስለሆነ ቋንቋው ሲቀየር ግምቱም ይፈርሳል። ርዕሱን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ቋንቋ ይቆዩላቸው። በርጫ ላይ ሲቀመጡ ግድግዳው ከኋላቸው፣ ተናጋሪው ከፊታቸው ይሁን።

አንድ ነገር ይመልከቱ፦ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገውም «ደከመብኝ» ካሉ ችግሩ የማስተካከያው፣ ማለትም የማፒንጉ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል፣ ነርቩ ሲለምድ ከፍ መደረግ አለበት። ኦዲዮሎጂስታቸውን (መሣሪያውን የሚያስተካክልላቸውን የመስማት ባለሙያ) ቀጠሮ ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች በኢንተርኔት ከርቀት ማስተካከል ስለሚችሉ ይህንንም አብረው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ የኢምፕላንት ፕሮሰሰር ጠዋት ደህና ሠርቶ ወደ ቀትር ይቆራረጣል። ባትሪ ብቀይርም ያው ነው።
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ በዚህ ሙቀት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ላብ ነው። ላብ ባትሪው የሚነካበትን ብረት ያረጥባል፣ የማይክሮፎኑን ቀዳዳ ይደፍናል። ባትሪውን አውጥተው ብረቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ጭንቅላቱ ላይ ከሚያርፈው ማግኔት ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ሽቦ ቀስ ብለው ያነቃንቁ። ሲነቃነቅ ከቆረጠ ሽቦው ነው፣ ይቀየራል። ማታ ማታ ባትሪው ወጥቶ ፕሮሰሰሩ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ባለበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይደር፤ ይህ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ጄሉ ቀለሙን ሲለውጥ ይቀየር። ሩዝ አይጠቀሙ፣ ብናኙ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም መሣሪያውን ይጎዳል።

ባትሪው የሚጣለው የዚንክ ዓይነት ከሆነ በአየር ነው የሚሠራው፦ ተለጣፊውን አንስተው እስከ 5 ደቂቃ ይጠብቁና ይግጠሙት። ማድረቂያ ዕቃ ውስጥ አያስገቡት፣ ቶሎ ይደርቃል። ማግኔቱ የሚያርፍበትን ቆዳም በየማታው ይዩ፤ ሲወልቅ የማይጠፋ መቅላት ካለ ማግኔቱ ስለጠበቀ ቀለል ባለ ይቀየርለት፣ ካበጠ ወይም ካመመው አውልቀው ሐኪም ያሳዩት።