የሬድዮ ውድድር ጥያቄዎቻችሁ፦ ነጥብ፣ ሰዓት፣ መብረቅ

ባለፈው ጽሑፌ የአማተር ሬድዮ ውድድርን (ፈቃድ አውጥተው፣ ለፍቅሩ ሲሉ በገዛ ሬድዮአቸው ከዓለም ሰው ጋር የሚገናኙ ሰዎች የሚፎካከሩበትን) ጫፉን ብቻ ነካ አድርጌ አልፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰዎቹ የሚወዳደሩት ምን ላይ ነው? «ሃሎ ሃሎ» ከመባባል በምን ይለያል? (ከቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ)

ሃሎ መባባል ነው፤ ግን ይቆጠራል። ትልቁ ውድድር ሲኪው ወርልድ ዋይድ ይባላል። በኦክቶበር የመጨረሻ ሙሉ ቅዳሜና እሑድ በድምፅ፣ በኖቬምበር የመጨረሻው ደግሞ በሞርስ (ፊደል በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚላክበት ኮድ) ይካሄዳል። በእኛ ጥቅምትና ኅዳር አጋማሽ ላይ ይውላል፤ ጅማ ዙሪያ ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ባለበት ሰሞን። 48 ሰዓት ሙሉ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻልከውን ያህል ጣቢያ ታገኛለህ።

ሁለት ኦፕሬተሮች የሚለዋወጡት አጭር ነው። የጥሪ ምልክት (የጣቢያው መለያ ስም)፣ የአሰማም ደረጃና የዞን ቁጥር፤ በቃ። በድምፅ ውድድር ደረጃው ሁሌም 59 (ጥርት ብለህ ትሰማለህ) ነው የሚባለው፤ «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ብሎ ሦስት ጊዜ ያስደገመህ ሰው ራሱ 59 ይሰጥሃል! ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች፤ የእኛ 37 ነው።

ነጥቡ እንዲህ ነው። ከሌላ አህጉር ጋር ስትገናኝ 3፣ ከራስህ አህጉር ሌላ አገር ጋር 1፣ ከገዛ አገርህ ሰው ጋር 0። ናይሮቢ 1 ነጥብ፣ ቶኪዮ 3። ከዚያ ድምሩ ባገኘሃቸው አገራትና ዞኖች ብዛት ይባዛል። በእያንዳንዱ ባንድ (ለአማተሮች በተመደበ የሞገድ ክልል፣ ለምሳሌ 20 ሜትር) ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ይቆጠሩልሃል። 100 ባለ 3 ነጥብ ግንኙነት ይዘህ አገርና ዞንህ ተደምሮ 20 ከሆነ ውጤትህ 6,000 ነው። 40 ከሆነ 12,000። ስለዚህ አንድ ሞገድ ላይ ተቀምጦ መጣራት ብቻ አያዋጣም፤ ሞገዱን እየቀያየሩ አዲስ አገር ማደንም አለ።

አሁን ካርታውን አስበው። አውሮፓ በአማተር ሬድዮ ሰው የታጨቀ ነው። ጀርመናዊ ጣሊያናዊን ቢያገኝ 1 ነጥብ ነው፤ አንተ ግን ከሁለቱም 3፣ 3 ትወስዳለህ። ለዚህ ነው የአውሮፓ ቡድኖች ዕቃቸውን ጭነው ወደ ካናሪ ደሴቶች፣ ወደ ሞሮኮና ወደ ኬፕ ቨርዴ የሚወርዱት። በውድድሩ ሕግ ሦስቱም አፍሪካ ናቸው። እኛ ትኬት ሳንቆርጥ አፍሪካ ውስጥ ነን።

ጥያቄ፦ «በ00፡00 ዩቲሲ ይጀምራል» ይላል። እኛ ጋ ስንት ሰዓት ነው? (ከጅሬን)

ዩቲሲ ዓለም የሚስማማበት የጋራ ሰዓት ነው። ከእሱ 3 ቀንስ፣ የሀበሻ ሰዓት ይሆንልሃል (0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ጨምር፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንስ)። 15፡00 ካለ ማታ 12 ሰዓት፣ 06፡00 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ቅዳሜ 00፡00 ማለት ደግሞ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። የሚያልቀውም ለሰኞ አጥቢያ በዚያው ሰዓት። ሰኞ ጠዋት ፈተና ወይም ሥራ ያለበት ከወዲሁ ያስብበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከባሕር ዛፉ እስከ ቤቱ ጣሪያ ሽቦ ወጥሯል። የጅማን ዝናብ ያውቁታል። መብረቅ ቢጠራብንስ? (ከመንደራ ቆቺ አንዲት እናት)

እናቴ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ሽቦው ራሱ ችግር የለውም፤ ለ20 ሜትር ባንድ የሚሆን 10 ሜትር ገደማ፣ ለ40 ሜትር ባንድ 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ነው። ችግሩ ከሽቦው ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ነው። ሰማዩ ከማጉረምረሙ በፊት ነቅሎ ከቤት ውጭ ያድርገው። «ይቺን አንድ ጣቢያ ብቻ» ካለዎት አይስሙት። መብረቁን ወደ ምድር የሚያወርድ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ማስወረጃ ያብጅ። ሽቦው ወድቆም ሆነ ተወዛውዞ የመብራት መስመር የሚነካበት ቦታ ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ያውርደው፤ ከመብረቁ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ምሰሶ ካስፈለገው ደረቅ ቀርከሃ ይበቃዋል።

ልጅዎ ፈቃድ እንዳለውም ይጠይቁልኝ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ በ5 ዋት ከጅማ አሜሪካ ይሰማል? እውነቱን ንገረኝ። (ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ ያሉ አንባቢ)

ይሰማል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። 5 ዋት ራሱን የቻለ የውድድር ምድብ አለው። እስከ 100 ዋት ሌላ፣ እስከ 1,500 ዋት ሌላ ምድብ ነው። ስለዚህ 5 ዋት ይዘው ከባለ 1,500 ጋር አይደለም የሚፎካከሩት።

ሥራውን የሚሠራው ከእኛ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያለው የአዮኖስፌር (በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የያዘ የአየር ንብርብር) ክፍል ነው። ሞገዱን አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ቀን ቀን ዝቅ ያለው ንብርብር የ80 እና የ160 ሜትርን ሞገድ ይውጠዋል፤ እነሱ የሌሊት ባንዶች ናቸው። 10፣ 15 እና 20 ሜትር የቀን ናቸው። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ ትነቃለች፣ ትደክማለች። በነቃችበት ዓመት 10 ሜትር ባንድ ላይ በትንሽ ኃይል የሚሆነውን ማመን ያቅታል።

ከዋቱ በላይ ግን የሚጠቅምዎት የጥሪ ምልክትዎ ነው። ከኢትዮጵያ የሚያሰራጭ ጣቢያ ጥቂት ነው። «ኢ ቲ» ብሎ የሚጀምር ምልክት ሲሰማ ሁሉም በአንዴ ይጮሃል። ያኔ ፈተናው መሰማት መሆኑ ይቀርና መስማት ይሆናል። ከጩኸቱ መሐል ሁለት ፊደል ለይቶ ይዞ «ይህ ፊደል ያለው ብቻ» ማለት፣ ሌላው ቢንጫጫም አለመልቀቅ። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ጆሮ ነው። ሙያዎ ሬድዮ ጥገና ከሆነ ጆሮው አለዎት ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው ያላገኘውን አገኘሁ ብሎ ቢጽፍስ? ማን ያየዋል?

ኮምፒውተር ያየዋል። ተወዳዳሪው በ5 ቀን ውስጥ የግንኙነት መዝገቡን ይልካል። አዘጋጆቹ ሁሉንም መዝገብ እርስ በርስ ያስተያያሉ። አንተ «አገኘሁት» ያልከው ሰው መዝገብ ላይ ከሌለህ ነጥቡ ይሰረዛል፤ ቅጣትም ይጨመርበታል። አንድ ፊደል አሳስተህ ብትጽፍም እንደዚያው ነው። ለከፍተኛ ደረጃ የሚፎካከሩት ደግሞ የውድድሩን ድምፅ ቀድተው ማስቀመጥ አለባቸው። በመሐል ቴሌግራም ከፍቶ «የጥሪ ምልክትህ በትክክል ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅም ክልክል ነው። በአየር ላይ ያልሰማኸው አልሰማኸውም።

ጥያቄ፦ ሬድዮ አስመጥቼ ዝም ብዬ ብጀምርስ?

አይሆንም። የአየር ሞገድ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው። መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ፣ ዕቃው ከዚያ ይመጣል። አዲስ አበባ ስትሄድ ደግሞ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘውን የኢትዮጵያ አማተር ሬድዮ ማኅበር ጠይቅ። «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» የሚባለው የክለብ ጣቢያ የእነሱ ነው።

እስከዚያው አዳምጥ። የኔዘርላንዱ ትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያውን በኢንተርኔት ለዓለም ክፍት አድርጓል። በስልክህ ገብተህ ባንዱን እየቀያየርክ በነፃ ትሰማለህ። በውድድሩ ቅዳሜ ክፈተው፤ የመርካቶ ግርግር ነው የሚመስለው። የአንድ ሰዓት ማዳመጥ እኔ እዚህ ከምቀባጥረው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ሽልማቱ ስንት ብር ነው?

ዜሮ። የምስክር ወረቀት አለ፣ ለአሸናፊዎች የክብር ሰሌዳ አለ። ገንዘብ የለም።

ጥያቄ፦ ውድድሩ መሐል መብራት ቢጠፋስ?

«ቢጠፋስ» ማለትህ ጥሩ ልብ አለህ። ባለ 100 ዋት ሬድዮ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ ስለዚህ የመኪና ባትሪ ይሆነዋል። ሲያሰራጭ 20 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲያዳምጥ 1 አምፔር አካባቢ። ኃይሉን ወደ 20 ዋት ብታወርደው ባትሪው በጣም ይቆይልሃል፤ ወዲያ ያለው ሰው ደግሞ ልዩነቱን ብዙም ላያስተውለው ይችላል። ላፕቶፑን አስቀድመህ ሙላው፣ መዝገቡ ያለው እሱ ላይ ነው። አንድ ጥቅምም አለው፦ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ርካሽ አምፖሎችና ቻርጀሮች አብረው ይጠፋሉ። ሬድዮው ላይ የሚንጫጫው ነገር አብዛኛው የእነሱ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ አትበሳጭ፣ ቶሎ ወደ ባትሪ ቀይርና ቀጫጭኖቹን ጣቢያዎች ፈልግ።