ኤክሴሉን ለማን ትታችሁ ትሄዳላችሁ?

ሰላም ልጆች። ይህን የምጽፈው በአየር ንብረት ሪፖርት ሥራ ላይ ለገባችሁና ለመግባት ለምታስቡ ነው። እኔ ብዙ ዓመት የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ስቆጥር ኖሬያለሁ። ሥራውን በደንብ የተማርኩት ግን ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት አገር ነው።

በዚያ አካባቢ ያሉት አገሮች ምን ያህል ትንንሽ እንደሆኑ ለማየት ቱቫሉን ውሰዱ። መሬቷ በሙሉ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሕዝቧም 10 ሺህ ገደማ ነው። አገሮች የዓለምን ሙቀት ለመግታት የተፈራረሙት የፓሪስ ስምምነት ግን ከቻይናም ከእሷም ሪፖርት ይጠብቃል። አገሮች ልቀታቸውን የሚያሳውቁበት የመጀመሪያው የግልጽነት ሪፖርት እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጨረሻ መግባት ነበረበት። ለትንንሽ ደሴቶችና እንደ እኛ ላሉ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች ጊዜው በራሳቸው ፈቃድ እንዲሆን ተትቷል። ደግ ነው፣ ግን ጊዜ ቢጨመር የሚሠራው ሰው ከየት ይመጣል?

እኔ በሠራሁባት አገር የአየር ንብረት ፎካል ፐርሰኗ፣ ማለትም ጉዳዩን በኃላፊነት የምትከታተለው፣ አንዲት ሴት ነበረች። የኦዞኑም፣ የብዝኃ ሕይወቱም ፎካል ፐርሰን እሷው ናት። ለጉባኤ ስትሄድ ቢሮው ተቆልፎ ይከርማል።

ገንዘቡ ደግሞ በፕሮጀክት ነው የሚመጣው፣ በብዛት ግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ ከሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በኩል። በጀት ይፈቀዳል፣ ሰው ይቀጠራል፣ ሪፖርቱ ይገባል፣ ኮንትራቱ ያልቃል፣ የሠለጠኑት ልጆች ወደ ሌላ ሥራ ይበተናሉ፣ ቀጣዩ ፕሮጀክት እስኪጸድቅ ደግሞ የሚያውቀው ሰው አንድም አይቀርም።

እንደደረስኩ የቀደመውን ሪፖርት ስሌት ጠየቅኩ። የታተመውን መጽሐፍ ሰጡኝ። ስሌቱ የተሠራበት የኤክሴል ፋይል ወደ አገሩ የተመለሰ ኮንሰልታንት ላፕቶፕ ላይ ነው። ኢሜይል ጻፍኩለት፣ መልስ የለም። ልቀቱ በቶን ተጽፏል፣ ከየት እንደመጣ የሚል አንዲት መስመር የለም። በጣም አዘንኩ። እነዚህ ሰዎች ለዓለም ሙቀት ያዋጡት ከምንም አይቆጠርም፣ ባሕሩ ግን ደጃቸው ድረስ መጥቷል። እርዳታ ሲጠይቁ የሚያቀርቡት ማስረጃ ቢያንስ የራሳቸው መሆን ነበረበት።

ልቀቱ በብዛት የሚሰላው ከተቃጠለው ነዳጅ ነውና ወደ ወደቡ ወረድኩ። የነዳጅ ማከማቻው ሠራተኛ፣ አንድ ትልቅ ሰው፣ ጠርዙ በጨው የተበላ መዝገብ አወጡልኝ። ቀን፣ የመርከብ ስም፣ ስንት በርሜል፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ። አንዱ በርሜል 200 ሊትር ነው፣ ማባዛት ብቻ ነው ብዬ ጀመርኩ። ግን አንዳንዱ መስመር ጎን ትንሽ ክብ አለች። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኳቸው። ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ የጭነት መርከብ የቀዳው ነው አሉኝ። እሱ በደንቡ ከአገሪቱ ድምር ውጪ ለብቻው ነው የሚጻፈው። የውጭ አገር ዓሣ አስጋሪ መርከብ እዚያው ቢቀዳ ግን ይደመራል። ባልጠይቅ ኖሮ ሁሉንም ደምሬው ነበር። በትልቅ አገር እንዲህ ያለ ስሕተት ድምሩ ውስጥ ይጠፋል፣ እዚያ ግን ጥቂት መርከቦች የዓመቱን ቁጥር ያዛባሉ።

ስለዚህ ልጆች፣ አንድ ቁጥር በጻፋችሁ ቁጥር አጠገቡ ከማን፣ መቼ፣ በምን መለኪያ እንዳገኛችሁት ጻፉ። ነገ እጽፈዋለሁ አትበሉ፣ ነገ ሌላ ሥራ አለ። ፋይሉ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። ርክክቡንም የመጨረሻዋ ዓርብ ከሰዓት ላይ አትጣሉት፤ የሚተካችሁን ሰው ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ስሌቱን እሱ ራሱ ይሥራው። እኛም አገር ሰው ሲለቅ ፋይሉ አብሮ የሚለቅበት ቢሮ አይቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ ከዚያች ደሴት አንድ ወጣት ጻፈልኝ። «ክብ ያለበትን አትደምሩ ብለው ጽፈዋል፣ አሁን ግን በክቡ ፈንታ በቀይ እስክሪብቶ ነው የሚጽፉት፣ ማስታወሻዎን ልቀይረው?» ይላል። ቀይረው አልኩት፣ ስምህንና ቀኑንም ጻፍበት።