«አሰሳ» ወይስ «ፍለጋ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ከተማ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን ስላለው ባረንትስ ባሕር በአማርኛ የሚወጣ ዜና አንዴ «የነዳጅ አሰሳ»፣ አንዴ «የነዳጅ ፍለጋ» ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ብዙ ዘመን የተሟገትኩለት ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

«አሰሰ»ን የሚያውቅ ማድቤት የገባ ነው። ምጣዱ ሲግል ጋጋሪዋ የተወቀጠ ጎመን ዘር ትነሰንስና በማሰሻ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ትወለውለዋለች። አንዲት ጥግ ካመለጠቻት እንጀራው እዚያው ይይዛል። ማሰስ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሳይመርጡ መላውን ገጽ ማዳረስ። የኮምፒውተሩ «ማሰሻ»ም ከዚሁ ወጥቷል። የጥናት መርከቧም እንዲሁ ናት። ድምፅ መቀበያ የተደረደረባቸው፣ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝሙ ገመዶች ከኋላዋ እየጎተተች የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ትለቃለች፤ ድምፁ ከባሕሩ ወለል በታች ካለው የዐለት ንብርብር ነጥሮ ሲመለስ ትመዘግባለች። ትልም እንደሚያወጣ ገበሬ ትመላለሳለች እንጂ አትቆፍርም። ይህ አሰሳ ነው።

«ፍለጋ» ግን ዱካ ይከተላል። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» እንል የለ? በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው፤ ፈለገ ግዮን። በዕብራይስጥ «ፔሌግ» ጅረት፣ ግሡ «ፓላግ» ሰነጠቀ፤ በኦማን «ፈለጅ» የመስኖ ቦይ። ውሃ መሬቱን ሰንጥቆ የሄደበት መስመር ዱካ ተባለ፣ ዱካውን መከተል ደግሞ ፍለጋ። የአማርኛው ፈለገ ከግእዙ ፈለግ ጋር የተገጣጠመው በድምፅ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የሚረታቸው ማስረጃ በእጄ የለም፤ ጆሮዬ ግን አይቀበላቸውም። በአሰሳው ምልክት ተመርቶ ዐለት ለሚሰነጥቀው የሙከራ ጉድጓድ ከ«ፍለጋ» የተሻለ ቃል አላውቅም።

«አሰሳ የወታደር ቃል ነው፤ ኖርዌጂያኖቹም ሁሉንም ‹ሌቲንግ› (ፍለጋ) ብለው ይጠቀልሉታል፤ ፍለጋ ይበቃናል» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ወታደሩ ግን ቃሉን ያገኘው ከምጣዱ ይመስለኛል። ኖርዌጂያኖቹም ቢሆኑ በ1996 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ሕጋቸው ሁለቱን ለይተዋል፤ ለአሰሳው የሚሰጠው የጥናት ፈቃድ ለያዘው ብቸኛ መብት አይሰጥም፣ የፍለጋ ጉድጓድ የመቆፈር ብቸኛ መብት የሚገኘው በምርት ፈቃድ ነው። ቃል እያለን ስለምን እናደባልቃለን?

መደባለቁ ዜናውንም ያበላሻል። ስኖቪት የተባለው የባረንትስ ባሕር የተፈጥሮ ጋዝ መስክ የተገኘው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጋዙ ወጥቶ በሃመርፌስት ከተማ አጠገብ ባለችው ሜልኮያ ደሴት ወደ ፈሳሽ መለወጥ የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ.። በመካከል ያሉትን 23 ዓመታት «ፍለጋ» ብሎ የጻፈ አጋጥሞኛል! ከተገኘ በኋላ ምን ይፈለጋል?

ሆኖም «የነዳጅ ፍለጋ» ሁለቱንም ጠቅልሎ ጋዜጣውንም መሥሪያ ቤቱንም ይዟል። ደስ ባይለኝም በርዕስ ላይ እቀበለዋለሁ። በዜናው ውስጥ ግን «መርከቧ አሰሰች፤ በአሰሳው ውጤት መሠረት የፍለጋ ጉድጓድ ተቆፈረ» ይባልልኝ።

ደግሞ ሲጽፉ «ጋዝ» ብለው ብቻ አይተዉት፤ ለእናቴ ጋዝ ማለት ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ላምባ ነው። «የተፈጥሮ ጋዝ» ይበሉ።