የፋይናንስ ኮርሶችን ቅደም ተከተል በተመለከተ ለቀረበው ጥያቄ

ሰላም ይስጥልኝ። ከቱሉ ዲምቱ እየተመላለሱ በማታው መርሐ ግብር ፋይናንስ ስለሚማሩ፣ ስታቲስቲክስን ወደ መጨረሻው ዓመት አሸጋግረው የኢንቨስትመንት ትንተናን ዘንድሮ ቢወስዱ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አያዋጣም። የአንድ አክሲዮን ስጋት የሚለካው በሚያስገኘው ትርፍ መዋዠቅ፣ የብዙ አክሲዮኖች ስጋት ደግሞ አክሲዮኖቹ ምን ያህል አብረው እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ጭምር በማየት ስለሆነ፣ ቫሪያንስን (የመዋዠቅ መለኪያ) እና ኮሪሌሽንን (አብሮ የመንቀሳቀስ መለኪያ) ሳያውቅ ወደዚያ ኮርስ የሚገባ ተማሪ ቀመሩን ይሸመድዳል እንጂ ያገኘው ቁጥር ምን እንደሚል ማስረዳት አይችልም። ይህ ጉድለት በመውጫ ፈተናም ላይ ተመልሶ ያስቸግራል።

ዘንድሮ ስታቲስቲክስን ከፋይናንስ አስተዳደር መግቢያ ጋር ይውሰዱ፤ የገንዘብን የጊዜ ዋጋም፣ ማለትም የገንዘብ ዋጋ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ፣ ያለ ኮምፒውተር እስኪሠሩት ድረስ ይለማመዱ (1,000 ብር በ10 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ከሁለት ዓመት በኋላ 1,210 ብር የሚሆነው ወለዱም ስለሚወልድ ነው)። የአካውንቲንግ ኮርሶችን አያዘግዩ።

የምርጫ ኮርስ ካለዎት የካፒታል ገበያን (አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበትን ገበያ የሚመለከተውን ኮርስ) እንዲያስቀድሙ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ፣ የሚማሩትን በአገር ውስጥ ኩባንያዎች የሒሳብ መግለጫ ላይ መፈተን ይችላሉ። ከመመዝገብዎ በፊት ግን የየኮርሱን ቅድመ ሁኔታ ከትምህርት ክፍሉ ያረጋግጡ።