ባትሪው ሙሉ ሆኖ ኢንቨርተሩ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በኮሎራዶ የሚኖሩ አንድ አንባቢ ያገለገለ ተጎታች የካምፕ ቤት ገዝተው፣ ከቤተሰባቸው ጋር የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ደን ውስጥ ያድራሉ። ከፊት መጎተቻው ላይ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) የተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የሊድ ባትሪዎች አሉ፤ ከኋላ አልጋው ሥር ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ባለ 2,000 ዋት ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 120 ቮልት የሚቀይር መሣሪያ፣ ተቀምጧል። መብራቱ፣ የውኃ ፓምፑና የስልክ ቻርጀሩ ያለ ችግር ይሠራሉ። ማይክሮዌቭ ሲከፈት ግን ኢንቨርተሩ ይጮኽና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ወዲያው ባትሪው በቴስተር ሲለካ 12.5 ቮልት ያሳያል። አንድ ጋራዥ «ባትሪው ደክሟል» ብሏቸው ሁለቱንም በአዲስ ቢለውጡም ችግሩ እንዳለ ነው። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ «ቀዩ ገመድ ይሞቃል፣ ጥቁሩ አጭር ነው፤ እዚያው አልጋው ሥር ሻንሲው ላይ ታስሯል» የሚል ቃል ጨምረዋል።

እኔ ይህን የመጨረሻ ቃል እንዳነበብኩ ባትሪውን ከተጠርጣሪነት አወጣሁት። ጥፋተኛው ገመዱ፣ ይልቁንም በሻንሲው፣ ማለትም በተጎታቹ የብረት አካል፣ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለሰው ማሳ (የኔጋቲቩ መስመር) ነው ብዬ እገምታለሁ። አዲሶቹን ባትሪዎች የሸጠልዎ ሰው ቴስተሩን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ማይክሮዌቩ እየሠራ ሳለ ቢያስነካ ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ኪስዎ ውስጥ ይቀር ነበር።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። በደብዳቤዎ ውስጥ ፊውዝ የሚል ቃል አላየሁም። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ የተቀመጠ ፊውዝ ከሌለ፣ ያ ገመድ ከዛሬ ጀምሮ ከባትሪው ተፈትቶ ይቀመጥ። የሊድ ባትሪ በሾርት ጊዜ ከአንድ ሺህ አምፒር በላይ ሊተፋ ይችላል፤ ገመዱ ደግሞ የሚያልፈው ልጆች በሚተኙበት አልጋ ሥር ነው።

አሁን ነገሩ ለምን እንደሚሆን ልንገርዎ፤ ደንበኞቼ ይህን ማብራሪያ ሰምተው እንደሰለቹ አውቃለሁ። ማይክሮዌቩ ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ምግቡ የሚያገኘው ኃይል ሲሆን፣ ከሶኬቱ የሚስበው ግን ወደ 1,500 ዋት ይጠጋል። ይህንን ለ12 ቮልት ሲያካፍሉት 125 አምፒር ይመጣል፤ ኢንቨርተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 140 አምፒር ይደርሳል። እንግዲህ ገመዱን፣ እያንዳንዱን ሞርሴቶ (የባትሪ ምሰሶ ማሰሪያ) እና እያንዳንዱን ብሎን እንደ ጥንቱ የቀረጥ ኬላ ይመልከቷቸው። ኬላው የሚያስከፍለው በሚያልፈው ጭነት ልክ ነው። የስልክ ቻርጀር አንድ አምፒር ይዞ ሲያልፍ ቀረጡ ኢምንት ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ 140 አምፒር ሲመጣ ግን ያው ኬላ ከቮልቴጁ ብዙ ይወስዳል። በአሜሪካ የገመድ ውፍረት መለኪያ ቁጥር 6 የሚባለው የመዳብ ገመድ በአንድ ሜትር 1.3 ሚሊኦም (ሚሊኦም የኦም፣ ማለትም የመቋቋም መለኪያ፣ አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ይቋቋማል። ከመጎተቻው እስከ አልጋው 5 ሜትር ቢሆን 6.5 ሚሊኦም ይሆናል፤ በ140 አምፒር ሲባዛ 0.9 ቮልት በቀዩ ገመድ ላይ ብቻ ጠፋ ማለት ነው። ቀለም በተቀባ ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰረ ማሳ 5 ሚሊኦም ቢጨምር ሌላ 0.7 ቮልት ይሄዳል፤ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይም ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይፈጠራል። ይባስ ብሎ ኢንቨርተሩ ቮልቴጁ ሲወርድበት ያንኑ ኃይል ለመስጠት ተጨማሪ አምፒር ይስባል፤ ተጨማሪው አምፒር ደግሞ ቮልቴጁን ይበልጥ ያወርደዋል። አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች 11 ቮልት አካባቢ ይጮኻሉ፣ 10.5 አካባቢ ይጠፋሉ። ሲጠፋ ጭነቱ ይነሣል፣ ቀረጡም ይቆማል፤ እርስዎ ቴስተርዎን ይዘው ባትሪው ጋ ሲደርሱ 12.5 የሚያዩት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ አምስት ሚሊኦምን ተራ ቴስተር በኦም መለኪያው ሊያሳይዎ ስለማይችል በዚያ በኩል አይድከሙ።

ስለዚህ በቮልት ይለኩ። ፊውዙ በቦታው መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ማይክሮዌቩ ውስጥ አስገብተው ያስነሡት፤ ረዳትዎ ቁልፉን ይያዝልዎ። በቅድሚያ የቴስተሩን ጫፎች በባትሪው በራሱ የእርሳስ ምሰሶዎች ላይ ያድርጉ እንጂ ሞርሴቶው ላይ አያድርጉ። ቀጥሎ በኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ይለኩ። ባትሪው ከ11.5 በላይ ቆይቶ ኢንቨርተሩ ጋ 10 ምናምን ከሆነ ግምቴ ልክ ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በኢንቨርተሩ ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ የሚያነቡት ቁጥር ሻንሲው የበላው ነው። ባትሪው ራሱ ወዲያው ከ11 በታች ከወረደ ግን እኔ ተሳስቻለሁ፤ ባትሪዎቹ ተሞልተው እንደነበርና ማያያዣቸው እንዳልላላ ያጣሩ።

የቀድሞው ባለቤት የሠራውን ሲፈቱ ምን እንደሚያገኙ እገምታለሁ፤ በፒንሳ የተጨመቀ ጫፍና ከጫፉ ሥር የገባ ሮንዴላ (ስስ የብረት ቀለበት) ሳይኖር አይቀርም። የገመዱ ጫፍ በቀጥታ ምሰሶው ላይ መቀመጥ አለበት፤ ሮንዴላና ዳዶ የሚመጡት ከላይ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ሮንዴላ ከሥሩ የተደረደረበት መኪና መጥቶልኝ ፕላስቲኩ እንደ ሰም ቀልጦ አይቻለሁ። የገመዱን ሽቦም በቢላ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። በርካሽ የሚሸጠው ይህ ጉድ ከመዳብ ይልቅ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይቋቋማል፤ ስለዚህ ከላይ የሰጠሁዎትን ቁጥር ሁሉ ያባብሰዋል።

መፍትሔው ኢንቨርተሩን ወደ ባትሪው ማምጣት ነው። ከፊት ባለው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይሰሩት፤ ነገር ግን ከባትሪዎቹ ጋር በአንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አያስገቡት፤ ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ ብልጭታ አያጣም። ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠ፣ ጫፉ በፋብሪካ የተጨመቀ ቁጥር 2/0 (ከቁጥር 6 እጅግ የሚወፍር) የመዳብ ገመድ ለፖዘቲቩም ለኔጋቲቩም ይግዙ፤ ኔጋቲቩ ሻንሲውን ሳይነካ በቀጥታ ባትሪው ላይ ይድረስ። ፖዘቲቩን ከአንደኛው ባትሪ፣ ኔጋቲቩን ከሌላኛው ቢያወጡ ሁለቱ እኩል ይሠራሉ። ወደ ኋላ የሚረዝመው መስመር 120 ቮልቱ ይሁን፤ በዚያ ቮልቴጅ 1,500 ዋት 12.5 አምፒር ብቻ ስለሆነ ተራ፣ ቀጭን ቁጥር 12 ገመድ ይበቃዋል።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት ልበል። የሊድ ባትሪን ከግማሽ በታች ባያወርዱት ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ ከሁለቱ ባትሪዎች 200 ውስጥ የሚጠቀሙበት 100 አምፒር-ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ ማይክሮዌቭ ወደ 12 ይወስዳል። ማቀዝቀዣው በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ከሆነ በራሱ እንዲመርጥ አይተዉት፤ ኢንቨርተሩን ሲያገኝ ከ300 ዋት በላይ እየሳበ ባትሪዎን ይጨርሰዋልና ጋዝ ላይ ያቁሙት። የቤቱን ዋና ገመድ ኢንቨርተሩ ላይ የሚሰኩ ከሆነ የባትሪ መሙያውን ብሬከር ያጥፉ፤ አለዚያ ባትሪው ራሱን ሊሞላ እየሞከረ ይደክማል። ቡናውን ጀበናውን በጋዝ ምድጃ ላይ ጥደው ያፍሉ፤ በዚህ ሥርዓት ኤር ኮንዲሽነር ማስነሣትን ግን ከነጭራሹ አያስቡት።

ሲፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ሲያስሩ መጨረሻ ኔጋቲቩን፤ ቀለበትና ሰዓትዎን አውልቀው፣ የኪያቤውን እጀታ በቴፕ ጠቅልለው ይሥሩ። ፊውዙ ቲ ክላስ የሚባለው ባለ 250 አምፒር ይሁን፤ የሚቀመጠውም ኢንቨርተሩ ጋ ሳይሆን ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ውስጥ ነው። እሱ ከመግባቱ በፊት አዲሱን ገመድ ባትሪው ላይ አያስሩ። በመለኪያው ያገኟቸውን ሦስት ቁጥሮች ገመዱን ከመግዛትዎ በፊት ይላኩልኝ።