ዋንዛውን ቀለም ልቀባው?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን ገዝቼ፣ አድሼና ቀለም ቀብቼ እሸጣለሁ። ሰሞኑን አንድ ቤተሰብ የዋንዛ ሳጥን፣ የኮምፖርሳቶ ቁም ሳጥንና አሮጌ የብራና መጽሐፍ አመጣልኝ። ሁሉንም ልግዛ? ሳጥኑንስ ነጭ ልቀባው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብራናውን እንዳትገዢ! በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ ክልክል ነው። ቤተሰቡ ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስዶ ያስመዝግበው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአገር ሲወጣ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ሳጥኑን ግን ግዢው፣ ቀለም ደግሞ በፍጹም አታስነኪው። የዋንዛ ውበቱ ቡናማ መልኩና የእንጨቱ መስመር ነው፣ ገዢም የሚፈልገው ያንን ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በልስልስ የብርጭቆ ወረቀት መስመሩን ተከትለሽ ፈግፍጊውና ሰም ቀቢው። ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉበትና ከሥራቸው አዲስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ውስጡ ነፍሳት አሉ ማለት ነው፤ መድኃኒት እስኪደረግለት ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይተሽ አስቀምጪው።

ነጩን ቀለም ለቁም ሳጥኑ አድርጊው። የሚያብረቀርቀውን የድሮ ቀለም ሳትፈገፍጊ ከቀባሽበት ይላጣል። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ እያረጠብሽ ፈግፍጊ፤ ልጆችም አይጠጉ። ስትሸጪም የታደሰ መሆኑን ለገዢው ንገሪው።